ነጥብ የተቆጠረበት ዓመት፦ የ1916ቱ የአሜሪካ የመኪና ሻምፒዮና

የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር የውድድር ቦርድ በ1916 ከአትላንቲክ እስከ ፓሲፊክ ዳርቻ በየከተማው የሚካሄዱትን ታላላቅ የመኪና እሽቅድድሞች በአንድ የነጥብ ሰንጠረዥ አስተሳሰረ፤ በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ነጥብ ያከማቸውንም ነጂ የአገሪቱ ሻምፒዮን ብሎ ሰየመ። ወቅቱ ሜይ 13 ቀን ኒው ዮርክ ላይ ተከፍቶ ኖቬምበር 30 ቀን ሎስ አንጀለስ ላይ ተዘጋ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከግንቦት 5 ቀን 1908 ዓ.ም. እስከ ኅዳር ጽዮን 1909 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ሌሎቹ ቀኖችና ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ የአውሮፓውያን ናቸው። አሥራ አምስት ያህል ውድድሮች የተካሄዱ ሲሆን፣ መሞቹ ከጡብ፣ ከጣውላ፣ ከሲሚንቶና ከአፈር የተሠሩ ነበሩ። ሁለቱ ውድድሮች ደግሞ በከተማ ጎዳና ላይ ተደርገዋል።

ከዚያ በፊት ሻምፒዮንነት አፍ ያለው ሁሉ የሚወስደው ማዕረግ ነበር። ባርኒ ኦልድፊልድ፣ በንዝረቱ ጥርሱ እንዳይጋጭ ሲጋራ ነክሶ የሚነዳው ዝነኛ፣ ከአንዱ የገጠር ባዛር ወደ ሌላው እየዞረ በፈረስ መሮጫ ሜዳዎች ላይ መኪና ያስጋልብ ነበር፤ ሕዝቡም እሱን ለማየት ይከፍላል። ማኅበሩ በ1905 ነጥብ ቆጥሮ ይህንኑ ኦልድፊልድን ሻምፒዮን አድርጎት ነበር። ይሁንና ውድድሮቹ አጫጭር፣ ተወዳዳሪዎቹም ጥቂት ስለነበሩ አሠራሩ በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት እያንዳንዱ ውድድር ለራሱ ነበር። ዋንጫ የወሰደ ዋንጫውን፣ ገንዘብ ያገኘ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፤ ከሁሉ ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር ለጋዜጠኞች ይተዋል።

በ1902 ቺካጎ ላይ የተመሠረተው ማኅበር የመኪና ባለቤቶች ስብስብ እንጂ የስፖርት ድርጅት አልነበረም። መንገድ ይሠራ፣ የፍጥነት ሕግ ይስተካከል እያለ የሚከራከር ማኅበር ነው። ወደ ውድድር የሳበው የሀብታሙ የዊልያም ቫንደርቢልት ዋንጫ ነው፤ በ1904 በኒው ዮርክ አቅራቢያ በሎንግ አይላንድ የገጠር መንገዶች ላይ የተጀመረው ይህ ውድድር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ይጎትት ነበር። ተመልካቹ ግን መንገዱ ዳር ሳይሆን መንገዱ ላይ ይቆማል። መኪናው ሲደርስ ሰዉ ግራና ቀኝ ይከፈልና ካለፈ በኋላ መልሶ ይገጥማል። በ1906 አንድ ተመልካች ተገጭቶ ሲሞት የሚቀጥለው ዓመት ውድድር ተሰረዘ፤ በ1910 እንደገና ሰው ሲሞት ዋንጫው ከሎንግ አይላንድ ለዘለቄታው ወጣ። መኪና የሚሮጥበት፣ አጥር ያለው፣ መግቢያ የሚከፈልበት የራሱ ሜዳ ያስፈልገዋል የሚለው ሐሳብ ከዚህ የመጣ ነው። የደኅንነቱን ያህል የትኬቱም ገቢ እንዳነሳሳው መካድ አይቻልም።

ፈረስ የሚጋለብበት የአፈር ሜዳ ለዚህ አይበቃም። በባሌ ደጋ የፈረስ ግልቢያ የተደረገበትን መስክ በማግሥቱ ያየ ሰው አፈሩ እንዴት እንደሚቦረቦር ያውቃል፤ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን መኪና በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲዞርበት ደግሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ጉድጓድ በጉድጓድ ይሆናል። አቧራውም ከኋላ ለሚመጣው ነጂ ምንም አያሳየውም። ካርል ፊሸርና ሦስት ሸሪኮቹ በ1909 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ዙሩ 4 ኪሎ ሜትር የሆነ መም ሠርተው በጠጠርና በሬንጅ ቢያነጥፉት፣ በመጀመሪያው የመኪና ውድድር ሰሞን አምስት ሰዎች ሞቱ። ወዲያው ንጣፉን አስነስተው በ3.2 ሚሊዮን ጡብ አለበሱት። በ1911 የተጀመረው የ500 ማይል ውድድር በዚሁ ጡብ ላይ ነው።

ጡብ ውድ ነው። የ1916ቱን ወቅት መልክ የሰጠው ርካሹ መላ፣ ጣውላ፣ ነበር። ጃክ ፕሪንስ የተባለ እንግሊዛዊ የቀድሞ የብስክሌት ተወዳዳሪ ብስክሌት የሚሮጥበትን የእንጨት መም አስፍቶ በ1910 ሎስ አንጀለስ አጠገብ ለመኪና ሠራ። አምስት በአሥር ሳንቲ ሜትር የሆነው ጣውላ በጠባብ ጎኑ እንዲቆም ተደርጎ፣ አንዱ ከሌላው ጋር እየተጠጋጋ በረጃጅም ምስማር ይመታል፤ ከሥሩ የእንጨት ምሰሶና ማገር ይሸከመዋል። አንድ መም በጥቂት ወራት ይቆማል። ቺካጎ በ1915 አጋማሽ፣ ኒው ዮርክም በዚያው ዓመት መጸው ዙራቸው 2 ማይል (3.2 ኪሎ ሜትር) የሆነ የጣውላ መሞች ከፈቱ። ዲ ሞይን፣ ኦማሃ፣ ታኮማና ሲንሲናቲም የራሳቸውን ሠሩ። የኒው ዮርኩ ሺፕስሄድ ቤይ የቀድሞ የፈረስ ሜዳ ነበር፤ ክፍለ ግዛቱ በውርርድ ላይ ጠንካራ ሕግ ሲያወጣ ፈረሰኞቹ ትተውት ሄዱ፣ መኪኖቹ ገቡበት።

የጣውላው ትልቁ ጥቅም ማዘንበሉ ነው። መኪና ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ሲታጠፍ ወደ ውጭ እንዳይሸሽ የሚይዘው የጎማውና የመሬቱ ፍትጊያ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ስለሚሆን ፍትጊያው ቶሎ ያልቅበታል። መታጠፊያው ወደ ውስጥ ካዘነበለ ግን መሙ ራሱ መኪናውን ወደ መሐል ይገፋዋል፤ ጎማው ጭንቀቱ ይቀልለታል፣ ነጂውም ቤንዚኑን ሳይቀንስ ያልፋል። በ1920ዎቹ ማዘንበሉ 45 ዲግሪና ከዚያም በላይ ደርሶ ነበር። የ1916ቶቹ እንደዚያ ገደል ባይሆኑም በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ለማስዞር በቂ ነበሩ። ጉዳቱም ብዙ ነው። ጣውላው መድኃኒት አልተቀባም፤ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ይሰነጠቃል፣ ምስማሩ ብቅ ይላል፣ ፍንጣሪው ፊት ይወጋል። ታኮማ ላይ በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት ትተው በጠጠርና በሬንጅ ስለሞሉት ጠጠሩ ከፊት መኪና ጎማ እየተፈናጠረ ከኋላ ያለውን ያደማ ነበር። አብዛኞቹ መሞች አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ፈራርሰዋል።

በእነዚህ መሞች ላይ ያሸነፈው ሞተር ከፈረንሳይ የመጣ ነው። እስከ 1911 ድረስ ፈጣን መኪና ማለት ትልቅ ሞተር ያለው መኪና ማለት ነበር፤ ቦብ በርማን በዚያ ዓመት ዴይቶና ባሕር ዳርቻ ላይ በሰዓት ወደ 228 ኪሎ ሜትር የሮጠበት የጀርመን ቤንዝ ሞተሩ 21.5 ሊትር ነበር። ፔዦ ቤት ግን ሦስት ነጂዎች፣ ዡል ጉ፣ ዦርዥ ቧዮና ፓኦሎ ዙካሬሊ፣ ኤርኔስት ሄንሪ ከተባለ ነዳፊ ጋር ተቀምጠው ሌላ መንገድ ቀየሱ። የፋብሪካው መሐንዲሶች ንቀው «ወሽካቶቹ» የሚል ስም አወጡላቸው። የሠሩት ሞተር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ ሁለት ሳይሆን አራት ቫልቭ ነበረው። ሁለት ትንንሽ ቫልቮች ከአንድ ትልቅ የበለጠ አየር ያስገባሉ፤ ቀላል ስለሆኑም ቶሎ ይከፈታሉ፣ ቶሎ ይዘጋሉ። ቫልቮቹን የሚገፉት ካምሻፍቶች ደግሞ ከሥር ተቀምጠው በረጅም ዘንግ ከመግፋት ይልቅ ሁለት ሆነው ከሞተሩ ራስ ላይ ወጡ። ሞተሩ ሳይሰበር ብዙ ዙር መዞር ቻለ። ቧዮ በ1912 የፈረንሳይን ግራን ፕሪ፣ ጉ ደግሞ በ1913 ኢንዲያናፖሊስን አሸነፉ። የአሜሪካው ቦርድ ከ1915 ጀምሮ የሞተር መጠን ከ300 ኪዩቢክ ኢንች (4.9 ሊትር) እንዳይበልጥ ሲወስን፣ 4.5 ሊትር ሆኖ ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚሰጠው ፔዦ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሆነ። ዛሬ በየመንገዱ ያሉ መኪኖች ሞተር በአብዛኛው የዚህ አሠራር ዘር ነው።

የዚያ ዘመን የውድድር ሞተር የሚጠጣው ዘይት ለኢትዮጵያ ጓዳ እንግዳ አይደለም። ምጣድ የሚታሰስበት ጉሎ ነው። የጉሎ ዘይት ከቤንዚን ጋር በቀላሉ አይቀላቀልም፣ በጋለ ብረት ላይም እንደ ማዕድን ዘይት ፈጥኖ ሳይቀጥን ተጣብቆ ይቆያል፤ ስለዚህ በአውሮፕላንም በውድድር መኪናም ይፈለግ ነበር። እየተረጨ የነጂውን መነጽር ይሸፍናል፣ ሽታውም ሜዳውን ይሞላል።

በመኪናው ውስጥ ሁለት ሰው ይቀመጣል። ከነጂው ጎን ያለው ረዳት መካኒክ የቤንዚኑን ግፊት በእጅ ፓምፕ ይጠብቃል፣ የጎማውን መላላጥ እያየ ይነግራል፣ ከኋላ ማን እንደመጣ ዞሮ ይመለከታል፣ መኪናው ሲቆም ዘሎ ወርዶ ጎማ ይለውጣል። ቀበቶ የላቸውም። የራስ መከላከያቸው የጨርቅ ወይም የቆዳ ቆብ ነው። አሸናፊው በጋዜጣ ሲወጣ የረዳቱ ስም ብዙ ጊዜ አይጠቀስም፤ በሞት ዝርዝር ውስጥ ግን ሁልጊዜ ከነጂው ቀጥሎ አለ።

ዓመቱ በሞት ጀመረ። ቦብ በርማን ኤፕሪል 8 ቀን በካሊፎርኒያዋ ኮሮና ከተማ፣ ለሻምፒዮናው በማይቆጠር ውድድር፣ ከፔዦው ጋር ተገልብጦ ከረዳቱ ጋር ሞተ። ሜይ 13 ሺፕስሄድ ቤይ ላይ የሻምፒዮናው የመጀመሪያ ውድድር ሲደረግ ካርል ሊምበርግና ረዳቱ ሞቱ። ውድድሩ አልቆመም፤ ኤዲ ሪከንባከር በማክስዌል አሸነፈ። በዚያው ወር ዦርዥ ቧዮ በቬርደን ግንባር ሰማይ ላይ ከጀርመን አውሮፕላኖች ጋር ሲዋጋ ተገደለ። አውሮፓ ጦርነት ላይ ስለሆነች አዲስ የውድድር መኪና ከዚያ መምጣቱ ተቋርጧል።

የመኪናው ችግር ኢንዲያናፖሊስን ክፉኛ ነካው። የሜዳው ባለቤቶች ተወዳዳሪ እንዳይጠፋ ፈርተው ራሳቸው ቡድን አቋቋሙ፤ ፔዦ ገዙ፣ ፕሪሚየር የተባለውን የከተማቸውን ፋብሪካ ደግሞ ፔዦን አስመስሎ ሦስት መኪና እንዲሠራ አዘዙት። የቡድኑ አለቃ የከተማው ልጅ ጆኒ አይትከን ሆነ። ያም ሆኖ ሜይ 30 (ግንቦት 22) የተሰለፉት 21 መኪኖች ብቻ ነበሩ፤ በዚያ ውድድር ታሪክ እንደዚህ ያነሰ ሰልፍ የለም። ርቀቱም 500 መሆኑ ቀርቶ 300 ማይል ሆነ። ብዙ ሰው ይህን ከጦርነቱ ጋር ያያይዘዋል፤ አሜሪካ ግን ገና ጦርነት አልገባችም። ባለቤቶቹ 500 ማይል ለተመልካች ይረዝማል ብለው ስላሰቡ ያሳጠሩት ነው።

ያጠረው ራሱ ቀላል ርቀት አይደለም። 300 ማይል 483 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ፣ ዲንሾንና ሮቤን አልፎ ጎባ ከሚደርሰው መንገድ ይበልጣል። በማጣሪያው ከሁሉ የፈጠነው አይትከን ነበር፤ በሰዓት ወደ 156 ኪሎ ሜትር ዞሮ ነበር። ውድድሩ ሲጀመር መጀመሪያ ሪከንባከር መራ፣ የመኪናው መሪ ተበላሽቶበት ወጣ፤ ቀጥሎ አይትከን መራ፣ ጎማ ከዳው። ከ18ኛው ዙር ጀምሮ እስከ 120ኛው ድረስ ከዳሪዮ ሬስታ ፔዦ ፊት ማንም አልታየም። ሬስታ ጨርሶ ሲገባ የፈጀበት 3 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ሲሆን፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 135 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ውድድር ሪከንባከርና ፒት ሄንደርሰን የብረት ቆብ አድርገው ነበር፤ በኢንዲያናፖሊስ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ሬስታ ጣልያን ተወልዶ እንግሊዝ ያደገ፣ ቁጥብና ጥንቁቅ ነጂ ነበር። አሜሪካ የመጣው በ1915 መጀመሪያ ላይ ነው፤ በመጣ በጥቂት ሳምንታት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ግራንድ ፕራይዝ የተባለውን ታላቅ የአሜሪካ ውድድርና የቫንደርቢልትን ዋንጫ በአንድ ሳምንት ልዩነት ወሰደ። ያገባትም የሟቹ ነጂ የስፔንሰር ዊሻርት እኅት ነበረች። መኪናውን አያሰቃይም፤ ሌሎቹ ጎማ ሲያፈነዱ እሱ ያልፋል። ለነጥብ ውድድር እንደዚህ ያለ ጠባይ ወርቅ ነው፤ በየቦታው ባያሸንፍ እንኳ በየቦታው ይደርሳልና።

ነጥብ ምን እንደሚያደርግ በደንብ ያሳየው ራልፍ ዴፓልማ ነው። የ1915 የኢንዲያናፖሊስ አሸናፊ፣ ሕዝብ የሚወደው ነጂ፣ ጦርነቱ ሳይጀመር ከአውሮፓ ያስመጣው መርሴዲስም ለፔዦ የሚያንስ አልነበረም። ዴፓልማ ግን በ1916 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ለመቅረብ ብቻ ገንዘብ ይከፈለኝ አለ፤ ባለቤቶቹ እምቢ አሉ፣ እሱም ቀረ። እንዲህ ያለው ክርክር ከዚያ በፊት ከአንድ ሽልማት በላይ አያስቀርም ነበር። ነጥቡ ግን ረጅም ርቀት ላለው ውድድር ብዙ፣ ለአጭሩ ጥቂት እንዲሆን የተመደበ ስለነበረ፣ አንድ ትልቅ ውድድር የቀረ ሰው ጉድለቱን ለመሙላት ብዙ ትንንሽ ድሎች ያስፈልጉታል። ዴፓልማ ጁን 24 ዲ ሞይን ላይ፣ ጁላይ 4 ደግሞ በሚኒያፖሊስ የሲሚንቶ መም ላይ አሸነፈ፤ በመጨረሻው ድምር ግን ከመሪው በእጅጉ ራቀ።

ሬስታ ጁን 11 ቺካጎ ላይ፣ ጁላይ 15 ኦማሃ ላይ አሸነፈ። ሪከንባከር ኦገስት 5 ታኮማን ወሰደ። ከኒው ዮርክ እስከ ታኮማ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መኪኖቹ፣ ጎማው፣ መለዋወጫው፣ መካኒኮቹ ሁሉ የሚጓዙት በባቡር ነበር። ወቅቱን ሙሉ ነጥብ መልቀም የቻሉት የባቡር ጭነት የሚከፍል ሀብታም ቡድን ያላቸው ናቸው፤ በግሉ የሚወዳደር ሰው በአቅራቢያው ካሉት ሁለት ሦስት ሜዳዎች አያልፍም። የሻምፒዮናው ሰንጠረዥ አናት በጥቂት ስሞች የተያዘበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። (የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በሚቀጥለው ዓመት በ1917 ነው፤ አገሪቱም መኪና ካየች ገና አሥር ዓመት አልሞላትም ነበር።)

በዚያው ኦገስት፣ ከሻምፒዮናው ነጥብ ውጪ፣ ኮሎራዶ ውስጥ የተደረገ ሌላ ውድድር ለባሌ አንባቢ ከሁሉም ይቀርባል። ስፔንሰር ፔንሮዝ የተባለ የማዕድንና የሆቴል ባለሀብት ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ የመኪና መንገድ አሠርቶ፣ መንገዱን ለማስተዋወቅ የሽቅብ ውድድር አዘጋጀ። መንገዱ ከ2,800 ሜትር በላይ ይጀምርና 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ 4,300 ሜትር ላይ ያበቃል። ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ የሚወጣ መንገድ ከዚህ ብዙም አይለይም፤ ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ሳነቴ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር በመሆኑ ከፓይክስ ፒክ ይበልጣል። የፔንሮዝን ዋንጫ የወሰደው ሬይ ሌንትዝ የአውሮፕላን ሞተር በተገጠመለት መኪና በ20 ደቂቃ ከ55 ሰኮንድ ወጣ። በሌላ ምድብ ራልፍ ማልፎርድ በሃድሰን 18 ደቂቃ ከ24 ሰኮንድ ገብቶ ነበር። ኦልድፊልድም ነበረ፤ ከፊተኞቹ ግን አልተገኘም።

ከፍታ ሞተር የሚቀጣው በሁለት በኩል ነው። በዲንሾ ከፍታ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አሥረኛ ያህል ይቀንሳል፤ በፓይክስ ፒክ ጫፍ አራት አሥረኛ ይቀንሳል። ሲሊንደሩ በየምቱ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ ጉልበቱ ይወርዳል። በዚያ ላይ ካርቡራተሩ ቤንዚን የሚለካው ለወፍራም አየር በተበሳ ቀዳዳ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። መካኒኮች ቀዳዳውን በጠበበ መለወጥ ነበረባቸው። የሻምፒዮናው መሞች ግን ሁሉም ከ400 ሜትር በታች ስለነበሩ፣ ሬስታና አይትከን ይህ ጣጣ አልደረሰባቸውም።

ከሴፕቴምበር በኋላ ወቅቱ የአይትከን ሆነ። ሴፕቴምበር 4 አዲሱን የሲንሲናቲ የጣውላ መም በ300 ማይል ድል መረቀ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ጳጉሜን 4 ቀን መሆኑ ነው፣ በከተማው በኢንዲያናፖሊስ የ20፣ የ50 እና የ100 ማይል ውድድሮች ተደርገው ሦስቱንም ጠቀለለ። በዚያ ሜዳ በጠቅላላ 15 ጊዜ አሸንፏል፤ እስካሁን የደረሰበት የለም፣ ትልቁን የ500 ማይል ውድድር ግን አንዴም አልቀናውም። ሴፕቴምበር 30 ሺፕስሄድ ቤይ ላይ የአስተር ዋንጫን በሰዓት ከ165 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ አማካይ ወሰደ። በዚያ ቀን ኢትዮጵያ ውስጥ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ኦክቶበር 14 ሬስታ ቺካጎን መልሶ አሸነፈ። ኦክቶበር 28 ደግሞ፣ በሰገሌ ጦርነት ማግሥት፣ አይትከን እዚያው ኒው ዮርክ የሃርክነስን ዋንጫ አነሳ። የቀሩት ውድድሮች ካሊፎርኒያ ውስጥ ነበሩ።

ሳንታ ሞኒካ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ መሙ 13.5 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ዘንባባ የተተከለበት የከተማ ጎዳና ነበር። ኖቬምበር 16 ሬስታ የቫንደርቢልትን ዋንጫ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር አማካይ አሸነፈ፤ ሁለተኛ የወጣው ኧርል ኩፐር በአሜሪካዊው ስታትዝ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ጎዳና የተደረገው ግራንድ ፕራይዝ የዓመቱን ውዝግብ አመጣ። የአይትከን ፔዦ ገና ከጅምሩ ፒስተኑ ተሰበረ። በቡድኑ ውስጥ ሃውዲ ዊልኮክስ በሌላ ፔዦ ጥሩ እየሄደ ነበር፤ ቡድኑ ዊልኮክስን አስወርዶ አይትከንን አስቀመጠበት፣ አይትከንም እየነዳ አንደኛ ገባ። በጊዜው ነጂ መተካት የተለመደ ነው፤ የደከመ ወይም ክንዱ የዛለ ሰው ወርዶ ሌላው ይገባ ነበር። ቦርዱ ግን ውድድሩን በሌላ መኪና የጀመረ ሰው የሻምፒዮና ነጥብ አይገባውም ብሎ ወሰነ። ድሉ በሁለቱም ስም ተመዘገበ፣ የነጥቡ ተስፋ ግን ለአይትከን ባዶ ሆነ።

ውሳኔው ጨካኝ ይምሰል እንጂ ሰንጠረዥ ላለው ውድድር የማይቀር ነበር። ዋንጫ ለመኪናው ወይም ለቡድኑ ቢሰጥ ማንንም አይጎዳም። የዓመቱ ሻምፒዮን አንድ ሰው ይሁን ከተባለ ግን አንድ ቡድን የተሸነፈ ነጂውን እያነሳ በሚመራው መኪና ላይ ቢያስቀምጥ ቆጠራው ትርጉም ያጣል። ከ1916 በፊት ይህን ጥያቄ ማንሳት ያስፈለገው አልነበረም።

በዚያው ግራንድ ፕራይዝ ሉዊስ ጃክሰን የተባለ ነጂ ከማርሞኑ ጋር ከመንገድ ወጥቶ ዛፍ መታ፤ እሱና መንገድ ዳር የነበሩ ሌሎች ሦስት ሰዎች ሞቱ። የሎንግ አይላንድ ታሪክ ከአሥር ዓመት በኋላ ተደገመ ማለት ይቻላል። የቫንደርቢልት ዋንጫም ግራንድ ፕራይዙም ከዚያ ዓመት በኋላ ባሉበት መልክ አልተደረጉም፤ የአሜሪካ ሻምፒዮና ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው የክብ መም ሆነ።

ኖቬምበር 30 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የአስኮት መም ሪከንባከር በዱዘንበርግ አሸንፎ ወቅቱን ዘጋ። ድምሩ ሲወጣ ሬስታ 4,100፣ አይትከን 3,440፣ ሪከንባከር 2,910 ነጥብ አገኙ። ሬስታ አምስት ውድድሮች ያሸነፈ ሲሆን፣ አምስቱንም በፔዦ ነው። የመጀመሪያው የዘመናዊ ቆጠራ የአሜሪካ ሻምፒዮን ጣልያን የተወለደ፣ እንግሊዝ ያደገ፣ በፈረንሳይ መኪና የሮጠ ሰው መሆኑ ለአገሬው ፋብሪካዎች የሚያኮራ አልነበረም። ትምህርቱን ግን ወሰዱ። በርማን ከመሞቱ በፊት የተሰበረ የፔዦ ሞተሩን ያስጠገነው ሎስ አንጀለስ ሃሪ ሚለር ጋር ነበር፤ ሚለር ከዚያ ጥገና ያገኘውን አሠራር አሳድጎ የራሱን ሞተሮች ሠራ፣ ሠራተኛው ፍሬድ ኦፈንሃውዘርም ቀጠለበት። የኦፈንሃውዘር ሞተር ኢንዲያናፖሊስን ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው በ1976 ነው።

አሜሪካ ኤፕሪል 1917 ጦርነት ስትገባ የኢንዲያናፖሊስ ውድድር ለሁለት ዓመት ተሰረዘ፣ የነጥቡም ቆጠራ እስከ 1920 ቆመ። ሪከንባከር አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ 26 ድል በማስመዝገብ በአሜሪካ አብራሪዎች ቀዳሚ ሆነ፤ በ1927 ደግሞ የኢንዲያናፖሊስን ሜዳ ገዛ። አይትከን በኦክቶበር 1918 ሞተ፤ የገደለው እኛ ዘንድ የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ነው። የቺካጎ መም ፈርሶ የሆስፒታል ቦታ ሆነ። ሺፕስሄድ ቤይም ዋና ባለሀብቱ ሃሪ ሃርክነስ በ1919 ሲሞት ተሸጠ። ሬስታ በ1924 እንግሊዝ ውስጥ በብሩክላንድስ መም ላይ ክብረ ወሰን ሲሞክር ሞተ።

በኋላ ዘመን ማኅበሩ ነጥብ ያልተቆጠረባቸውን ዓመታት ባዶ መተው አልፈለገም። በ1920ዎቹ የቦርዱ ሰዎች፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ራስ ካትሊን የተባለ ጸሐፊ፣ የድሮ ውጤቶችን እያሰባሰቡ ኋላ በወጣ ሰንጠረዥ ነጥብ ሰጡና ለየዓመቱ ሻምፒዮን ሾሙ። ዛሬ በብዙ መጻሕፍት ከ1909 እስከ 1915 የሚታዩት ስሞች እንዲህ የተገኙ ናቸው፤ ሰዎቹ ሲወዳደሩ ሻምፒዮና መኖሩን አያውቁም ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እነዚህን ስሞች ከሬስታ ጋር በአንድ ዓምድ መደርደራቸውን የሚቃወሙት ለዚህ ነው፤ ተቃውሞውም ትክክል ነው። በነበረ ሰንጠረዥ፣ በታወቀ ደንብ፣ ሁሉም እያወቁት የተደረገ ወቅት ከ1920 በፊት የ1905ቱና የ1916ቱ ብቻ ነው።